እጅ ከማረፉ በፊት

ጳጉሜ 3 ቀን ደሴ ላይ ለአሠልጣኞች፣ ለስፖርተኞች፣ ለወጌሾች፣ ለፋብሪካ ሠራተኞችና ለታማሚ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አረፈዳችሁ? ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁም፣ ከሸዋ በርና ከቧንቧ ውሃ በእግራችሁ የደረሳችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ዝናብ ያገኘ ልጅ ሁሉ ደጅ ወጥቶ የሚጠመቅበት ቀን። በፈረንጅ አቆጣጠር ደግሞ ሴፕቴምበር 8 ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ቀን የዓለም የፊዚዮቴራፒ ቀን ሆኖ ይከበራል። ሁለቱን ማንም አስቦ አላገጣጠማቸውም። እኔ ግን በየዓመቱ ደስ ይለኛል።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ሥራችን የተጎዳ ሰው እንቅስቃሴውን እንዲመልስ ማገዝ ነው። ስለ ሙያችን ብዙ ማውራት ይቻላል። ዛሬ ግን አንድ ነገር ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ ነው የምፈልገው። ሰውነታችሁን ለሰው እጅ ስትሰጡ፣ ያ ሰው እጁን ከማሳረፉ በፊት ይጠይቃችሁ። መቼ ጀመረሽ? እንዴት ወደቅህ? ሌሊት ያምሻል? ትኩሳት አለህ? ምን መሥራት አቃተሽ? ይህን ሳይጠይቅ ቅባት የሚያነሳ ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ይህን የምለው ስለ ወጌሻ ብቻ አይደለም። ስለ ማሳጅ ባለሙያም፣ ነጭ ጋዋን ስለለበስነው ስለ እኛም ነው።

ወደ እኛ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ "ትንሽ እሹኝ" ነው የሚለው። ወገቤን እሹኝ፣ አንገቴን እሹኝ። አይፈረድበትም። መታሸት ደስ ይላል፣ ሕመምም ለጊዜው ያስታግሳል። ግን ማሸት ከሥራችን ትንሹ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ጡንቻ፣ አጥንት፣ መገጣጠሚያና ነርቭ እንዴት እንደሚሠሩ ተምሯል። የትኛው እንደተጎዳ ይመረምራል፤ ያጣችሁትን እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ ይመልሳል። እዚሁ ክልላችን ውስጥ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምረዋል። የስፖርት ማሳጅ ባለሙያ ሥራው ሌላ ነው፤ የደከመ ጡንቻ ያፍታታል፣ ስፖርተኛውን ከውድድር በፊትና በኋላ ያግዘዋል። ፒላተስ የሚያሠለጥን ሰው ደግሞ ሆድን፣ ጀርባን፣ ዳሌንና ትንፋሽን አስተባብሮ ሰውነትን መቆጣጠር ያስተምራል።

ሌላ ቦታ ሦስቱ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ ሲሠሩና ታማሚውን ሲቀባበሉት ታያላችሁ። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ተበታትነው ነው የሚገኙት። ፊዚዮቴራፒው ሆስፒታል፣ ማሳጁ ክለብ ወይም ጂም፣ ወጌሻው ሰፈር ውስጥ። ስለዚህ ማን ምን እንደሚችል የመለየቱ ጣጣ በእናንተ ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ የማስቀደሙ ነገር የቆየ ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አራት ነርሶች ማኅበር መሠረቱ። ያኔ ለንደን ውስጥ "ማሳጅ" የሚል ታፔላ የለጠፈ ቤት ሁሉ በትክክል ማሳጅ ቤት አልነበረም። የሙያው ስም ጠፍቶ ነበር። ነርሶቹ ስሙን ለማዳን ደንብ አወጡ። ከደንባቸው አንዱ "ሐኪም ሳያዝ ማንንም አናሽም" የሚል ነው። ዛሬ ያለው የእንግሊዝ የፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ያደገው ከዚያ ነው። ሙያችን ገና ሲወለድ መቼ መንካት እንደሌለበት ወስኖ ነው የተነሳው ማለት ነው።

ከቁርጭምጭሚት ልጀምር። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ክረምት ላይ ደግሞ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ሆጤ ሜዳ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆቻችንም ወለምታ አይለያቸውም።

ልጁ እያነከሰ መጣ እንበል። ቁርጭምጭሚቱ በውጭ በኩል አብጧል። መጀመሪያ የምጠይቀው እንደወደቀ ተነስቶ መራመድ ችሎ እንደነበር ነው። አሁንስ አራት እርምጃ ይራመዳል? ቢያነክስም ይቆጠርለታል። ከዚያ በውጭም በውስጥም በኩል ጎልቶ የሚታየውን አጥንት እፈልጋለሁ። እብጠቱን አልጫንም፤ እብጠት ማንንም ያማል። ከአጥንቱ ጫፍ ጀምሬ የኋላ ጠርዙን ይዤ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ በጣቴ እየተጫንኩ እሄዳለሁ። ቀጥሎ የእግሩ መሐል ላይ ሁለት ቦታ እነካለሁ። አንዱ በትንሿ ጣት መስመር ወደ ውጭ ወጣ ያለው አጥንት ነው። ሌላው በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ያለው ነው። ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ ላይ አጥንቱ ሲነካ ካመመው፣ ወይም አራት እርምጃ ካቃተው፣ ራጅ ይነሳል። ካልሆነ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው።

ይህን ዘዴ በ1992 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ካናዳ ኦታዋ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ናቸው። መሣሪያ አይፈልግም፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለሕፃናት፣ ለጠጣ ሰውና እግሩ ለሚደነዝዘው የስኳር ታማሚ ግን አትተማመኑበት። እነሱ ሕመሙን በልኩ አይነግሯችሁም።

ስብራት ከሌለስ? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በላስቲክ ፋሻ በልኩ ጠቅለል ማድረግ። በእነዚህ ቀናት አታሹት፣ በሚያቃጥል ቅባትም አትቀቡት። ውስጥ ያለው ጅማት ገና ተቀድዶ እየደማ ነው። ማሸት እብጠቱን ይጨምረዋል። ከዚያ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ቶሎ መርገጥ። ቀጥሎ በአንድ እግር መቆም፤ መጀመሪያ ግድግዳ ይዞ፣ ከዚያ ለቅቆ፣ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ። ብዙ ልጆች ይህችን ይዘሏታል። እብጠቱ ሲጎድል "ድኛለሁ" ብለው ሜዳ ይገባሉ። ጅማቱ ግን መሬቱ መዝመሙን ለአእምሮ የሚነግርበትን ስሜት ገና አላገኘም። ያው እግር ደግሞ ይጠመዘዛል። አሠልጣኞች፣ ተጫዋቹ በተጎዳው እግሩ ዘሎ በዚያው እግሩ ሳይንገዳገድ ካላረፈ አታሰልፉት።

አሁን ወደ ወጌሾቻችን ልምጣ። አባቶቻችን፣ ስለተገኛችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ። ወጌሻ በዚህ አገር ላይ ውለታ አለው። ሆስፒታል የቀናት መንገድ በነበረበት ዘመን የተሰበረ እጅ ያቀናው እሱ ነው። ዛሬም ሰው ሌሊት ሲሰበር መጀመሪያ የሚያንኳኳው የወጌሻ በር ነው። የእግር ኳስ ክለቦቻችን እንኳ ሜዳ ዳር ቦርሳ ይዞ የሚቀመጠውን ሰው ወጌሻ ነው የሚሉት። "ወጌሻ ጋ አትሂዱ" ብዬ ብዘጋው የሚሰማኝ የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። እሱም አጥብቆ ማሰር ነው። የተሰበረ ክንድ ሰዓት በሄደ ቁጥር ያብጣል። ከሰዓት በኋላ ልክ የነበረው ቀርከሃና ጨርቅ እኩለ ሌሊት ላይ ይጠብቃል። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል። ደም ጡንቻው ጋ መድረስ ያቅተዋል። ጡንቻ ስድስት ሰዓት ያህል ያለ ደም ከቆየ ጉዳቱ አይመለስም። "ወድቆ እጁ ተቆረጠ" ሲባል ከምትሰሙት ውስጥ ስብራቱ ቀላል የነበረ፣ እጁን ያሳጣው ማሰሪያው የሆነ አለ። በጣም ያሳዝናል፤ ሊቀር የሚችል ነገር ነውና።

እናቶች፣ ልጃችሁ ታስሮ ከመጣ ሌሊቱን በየሰዓቱ ጣቶቹን ተመልከቱ። ቀዝቅዘዋል? ገርጥተዋል ወይስ ጠቁረዋል? ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ነጩ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይቀላል? ይደነዝዘዋል? ጣቱን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉት ይጮሃል? የመጨረሻው ትልቅ ምልክት ነው። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ማሰሪያውን ፍቱት። እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ወጌሻውን ደውላችሁ አታስፈቅዱ። ፈታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ከሆስፒታል ጀሶ ታስሮ የመጣም ልጅ እንዲሁ ነው፤ ጀሶም ይጠብቃል፣ በዚያው ሌሊት መመለስ ነው።

ወጌሾች ይህን መማር አይችሉም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። በአገራችን ደቡብ ክፍል ወጌሾች አጭር ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ በማሰሪያ ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር መቀነሱ በ2005 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። ወሎ ላይስ ለምን አይሆንም? እኔ ለማስተማር ዝግጁ ነኝ። እናንተም አጥንቱ ቆዳ በስቶ የወጣ፣ ቁስል ያለው ወይም ጣቱ የደነዘዘ ሰው ሲመጣባችሁ ሳትነኩ ላኩልን።

ወገብ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ሰው የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረበት ይላል። በዓለም ላይ ሰውን ሥራ ከሚያሳጡ ሕመሞች የሚቀድመው የለም። እኛ ዘንድ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ናት። ከጅቡቲ በሚሌ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ አንገቷን ደፍታ የምትውል ወጣት ናት።

አብዛኛው የወገብ ሕመም አደገኛ አይደለም። ሰውን የሚያስፈራው "ዲስክህ ተንሸራቷል" የሚለው ቃል ነው። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ ነው። ይህን ስሙኝ። ምንም የማያማቸው ሰዎች የሰውነትን ውስጥ ፎቶ በሚያነሳው በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ታይተው ነበር። ከ20 ዓመት ወጣቶች ከአሥሩ ሦስቱ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ተገኘ። በ80 ዓመት ከአሥሩ ስምንት በላይ ናቸው። ሕመም ግን የለባቸውም። ስለዚህ ፎቶው ላይ የታየ ነገር ሁሉ የሕመማችሁ ምክንያት አይደለም። ፎቶ ይዘው መጥተው "እኔ በቃ ማጎንበስ አልችልም" ብለው የወሰኑ ብዙ ናቸው። ማጎንበስ ያቆመ ወገብ ደግሞ ይደክማል፣ ሲደክም ያማል።

ወገባችሁ ሲያዝ አልጋ ላይ አትክረሙ። ካልቻላችሁ አንድ ሁለት ቀን ዕረፉ፤ ከዚያ ቤት ውስጥም ቢሆን ተራመዱ። በየቀኑ ትንሽ ጨምሩበት። ሥራችሁን በሚቻላችሁ መጠን ቀጥሉ። ብዙው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ የምለው ግን ጥያቄዎቹ ከተጠየቁ በኋላ ነው። የወገብ ሕመም ይዞት የመጣን ሰው እንዲህ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ተኝተህም ሌሊት ይብስብሃል? ማታ ማታ ትኩሳት አለህ? ያልብሃል? ከስተሃል? መልሱ አዎ ከሆነ እጄን እሰበስባለሁ። የጀርባ አጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል። ፐርሲቫል ፖት የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በ1779 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ በሽታው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ቲቢ በአገራችን ብዙ ነው። ቲቢ የበላውን አከርካሪ አጥብቆ ማሸት ወይም "ላቃናው" ብሎ ማንቋቋት አጥንቱን ሊያፈርሰው፣ ሰውየውንም እግሩን ሊያሳጣው ይችላል። በመድኃኒት ግን ይድናል። ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ያሳፍራል፣ ግን ይጠየቃል። ሽንትህ አልወጣ ብሎሃል? ኮርቻ ላይ ስትቀመጥ የሚነካው ቦታ ደንዝዞሃል? ሁለቱም እግሮችህ እየደከሙ ነው? ይህ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ነው። ነገ አይባልም።

ለፋብሪካ ሠራተኞች አንድ ነገር ልጨምር። "ትክክለኛው አቀማመጥ የትኛው ነው?" ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አንድ ትክክል የሚባል የለም። የሚጎዳው አንዱን አቀማመጥ ሳይለውጡ መዋል ነው። ግማሽ ሰዓት ከተሠራ ተነስቶ ትከሻ ማሽከርከር፣ አንገት ወደ ጎን መዘርጋት፣ ጀርባን ወደ ኋላ መለጠጥ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። የክፍል ኃላፊዎች፣ ይህችን ደቂቃ ፍቀዱላቸው። አንገቷ ተይዞ የቀረች ሠራተኛ የምታስቀረው ሥራ ከዚህ ይበልጣል።

ስለ ፒላተስ የሚጠይቁኝ ወጣቶች በዝተዋል፤ በስልክ እያዩት ነው። ያስጀመረው ጆሴፍ ፒላተስ በ1883 እ.ኤ.አ. ጀርመን ተወለደ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እንግሊዝ አገር ነበርና ጀርመናዊ በመሆኑ አሰሩት። ካምፕ ውስጥ አብረውት የታሰሩትን ያሠለጥን ነበር። ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ አስተማረ። ሞላ ያለው ትልቁ የፒላተስ መሥሪያ አልጋ ሲታይ ያምራል፣ ግን ግዴታ አይደለም። ምንጣፍ ወይም ሰሌን ይበቃል። በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን አጥፉ፤ ትንፋሽ እያወጣችሁ መቀመጫችሁን አንሱ፤ ያዙ፤ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ይህም ፒላተስ ነው። ወገብ ለሚያመው ሰው ምንም ካለማድረግ ይሻላል። ከሌላው የሰውነት እንቅስቃሴ ይበልጣል የሚል አጥጋቢ ማስረጃ ግን የለም። ስለዚህ የምትወዱትንና የማታቋርጡትን ምረጡ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ሴቶች ለማንም የማይነግሩት ነገር አለ። ከወለዱ በኋላ ሲስሉ ወይም ዕቃ ሲያነሱ ሽንት ማምለጥ። እህቶቼ፣ "የወለደች ሴት እንዲህ ናት" ብላችሁ አትቀመጡ። የዳሌ ወለል ጡንቻን፣ ማለትም ፊኛንና ማህፀንን ከታች የሚደግፈውን ጡንቻ፣ ማሠራት ይቻላል። በባለሙያ እየተመሩ ለሦስት ወር ያህል በየቀኑ ከተሠራ ብዙዎች ይሻላቸዋል። ምጥ በርትቶባት ከወለደች በኋላ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈሳት ሴት ካለች ግን ፌስቱላ፣ ማለትም በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የተከፈተ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል፤ ያ በቀዶ ሕክምና ይታከማል። ደብቃ እንዳትቀመጥ ውሰዷት።

ጉልበትን በደንብ ላውራው፤ እዚህ አገር ጉልበት ከእምነት ጋር የተያያዘ ነውና። ሃጂ መጥተው "ሱጁድ ወርጄ መነሳት አቃተኝ" ይላሉ። እማማ መጥተው "ሕማማት ሊገባ ነው፣ እንዴት ልስገድ ልጄ?" ይላሉ። ሁለቱ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ፣ ሃጂ "አብሽሪ፣ ይሻልሻል" ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ወሎ ነዋ።

ከውጭ የሚመጡት መመሪያዎች ስለ ወንበርና ስለ ደረጃ ነው የሚያወሩት። የእኛ ሰው ደግሞ ወለል ላይ ይቀመጣል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ይሰግዳል። ለዚህ ነው "ምን መሥራት አቃተዎት?" የሚለው ጥያቄ መልመጃውን የሚወስነው። ከፍ ካለ ወንበር ላይ እጅ ሳይደግፉ መነሳትና መቀመጥ እንጀምራለን። አሥር ጊዜ፣ ዕረፍት፣ ደግሞ አሥር ጊዜ። ሲቀል ወንበሩን ዝቅ እናደርጋለን። ከወንበር ወደ ዱካ፣ ከዱካ ወደ ወፍራም ትራስ፣ ከትራስ ወደ ምንጣፍ። ሳምንታት ይወስዳል። ሲሠሩ ትንሽ ቢያምም አያስፈራም፤ በማግሥቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩ ነው። ከባሰ ግን አበዝተናልና እንቀንሳለን።

ብዙ አረጋውያን "ጉልበቴ አልቋል፣ ብንቀሳቀስ ይብስ ያልቃል" ብለው ይቀመጣሉ። ልጆቻቸውም ከፍቅር የተነሳ ውሃ እንኳ ተነስተው እንዳይቀዱ ያደርጓቸዋል። በተገቢው መጠን የሚሠራ እንቅስቃሴ መገጣጠሚያ አይጨርስም። በዓለም ላይ ለጉልበት ብግነት በመጀመሪያ የሚመከሩት እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ናቸው። እስኪሻልዎት ድረስ ስለ ስግደቱ ሸሁን ወይም የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። በሁለቱም ዘንድ ለታመመ ሰው ማቅለያ አለ።

ስፖርተኞች፣ እናንተን አልረሳሁም። የስፖርት ማሳጅ ጥቅም አለው። ከከባድ ልምምድ በኋላ የሚመጣው የጡንቻ ሕመም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ማሳጅ ይህን በመጠኑ ያቀልላል፣ ያዝናናልም። "ላክቲክ አሲድ አወጣልሃለሁ" የሚላችሁን ግን አትመኑ። እሱ ጡንቻ ሲሠራ የሚያመነጨው ነገር ነው፤ ማንም ሳይነካችሁ በአንድ ሰዓት ገደማ ራሱ ይጸዳል። ታፋችሁን በጉልበት ከተመታችሁና ካበጠ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አታሳሹት። ውስጥ ደም በፈሰሰበት ቦታ ጡንቻው አጥንት ሊያበቅል ይችላል፤ ከዚያ ወራት ትቀመጣላችሁ። እንዲሁም ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ የመጣ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም አራስ የሆነች ሰው የአንድ እግር ባት ካበጠና ካመመ ማሸት ክልክል ነው። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ተላቅቆ ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላል። ይህን የማይጠይቅ ማሳጅ ባለሙያ ጋ አትተኙ።

ለአሠልጣኞች ከማሳጅ የበለጠ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል ማሟሟቂያ አለ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከኳስና ከሜዳ በቀር ምንም አይጠይቅም። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሠሩት ቡድኖች ላይ ጉዳት በሲሶ ያህል ቀንሷል። ከውስጡ አንዱ መልመጃ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይይዝለታል፣ እሱ ወገቡን ሳያጥፍ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወድቃል። የኋላ ታፋ ጡንቻን ያጠነክራል። በትክክል የሚሠሩት ቡድኖች የታፋ ጡንቻ መቀደድ በግማሽ ያህል ይቀንስላቸዋል። ጉዳት የደረሰበትን ልጅ ለማሳከም ስንት ብር እንደምታወጡ ታውቃላችሁ። ይህ በነፃ ነው።

ቤት ውስጥ ታማሚ ለምታስታምሙ፣ ሁለት ነገር። ስትሮክ የመታውን ሰው ስታነሱት የደከመውን እጁን ይዛችሁ አትጎትቱ። ትከሻውን የሚይዘው ጡንቻ ስለደከመ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል፣ ከዚያ ለወራት ሕመም ነው። በጀርባውና በዳሌው በኩል ደግፉት። መቁረስ ከቻለ ራሱ ይቁረስ፣ ቢያፈስም። አእምሮ መንገዱን የሚያድሰው ሰውየው ራሱ ደጋግሞ ሲሞክር ነው። በፍቅር ሁሉን ነገር የምታደርጉለት ከሆነ ያን ዕድል ትወስዱበታላችሁ።

ሁለተኛው እግራቸው ለተቆረጠ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ በየሰፈራችን እንዲህ ያሉ ወጣቶች አሉ። ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ ልጅ ሲያመው እናት ትራስ ታመጣና ከጉልበቱ ሥር ታደርግለታለች። ይመቸዋል። ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቃል። የደረቀ ጉልበት ሰው ሠራሽ እግር አይቀበልም። ትራሱን አውጡት። ጉልበቱ ተዘርግቶ ይተኛ። በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ለ20 ደቂቃ በሆዱ ይተኛ፣ ዳሌውም እንዳይታጠፍ። ፋሻው ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ላላ ይበል። ቁስሉ ሲድን ጊዜ አታባክኑ። የተሃድሶ ማዕከል እዚሁ ደሴ አለ።

ወደ ማንኛችንም ስትመጡ እናንተም ጠይቁ። ምን አገኘህብኝ? ቤት ሄጄ ምን ልሥራ? በስንት ጊዜ ልሻሻል እችላለሁ? ካልተሻለኝ ወዴት ትልከኛለህ? "ሃያ ጊዜ መጥተሽ ትታሻለሽ" ብቻ የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ስትመጡ ደግሞ ያለፈውን ራጅ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ሁልጊዜ የምታደርጉትን ጫማ ይዛችሁ ኑ። አዲሱን ሳይሆን የተበላውን ጫማ። ሶሉ በየት በኩል እንዳለቀ አይተን አረማመዳችሁን እንገምታለን። አረጋዊ ወይም ስትሮክ ያለበት ሰው ከሆነ ቤት ውስጥ የሚያስታምመው ሰው አብሮ ይምጣ፤ መልመጃውን የምናሳየው ለሁለታችሁም ነው።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። የቁርጭምጭሚቱን ምርመራ መሞከር የምትፈልጉ አሠልጣኞችና ወጌሾች ደግሞ ካልሲያችሁን አውልቃችሁ ወደ ፊት ቅረቡ።